መጽሐፍ ቤቱን ሲሞላው፦ የግል ቤተ መጻሕፍትንና የማንበቢያ ጥግን ማደራጃ መመሪያ

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ቤት መጀመሪያ የሚሞላው መደርደሪያው ነው። ቀጥሎ የመደርደሪያው አናት፣ ከዚያ ኮመዲኖው፣ ከዚያ የሶፋው ጎን። በመጨረሻ አልጋ ሥር ካርቶን ይገባል። እዚህ ሲደረስ፣ ቤት ውስጥ እንዳለ በእርግጠኝነት የምታውቁትን መጽሐፍ ፈልጋችሁ ታጡና ደግማችሁ ትገዛላችሁ። የመጽሐፍ ዋጋ እንዲህ በጨመረበት ጊዜ ይሄ በጣም ያናድዳል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ሌላ መደርደሪያ መግዛት ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። መደርደሪያ ወደ ሥራው መጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ምን እንዳላችሁ እወቁ። ከዚያ ምን እንደሚቀር ወስኑ። ከዚያ ደግሞ አንድ መጽሐፍ ስትፈልጉ በምን እንደምታስታውሱት አስቡ፤ በደራሲው ነው? በጉዳዩ ነው? በዘመኑ ነው? ፈልጋችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማታገኙት መጽሐፍ እናንተ ዘንድ አለ ለማለት ይከብዳል።

በምሳሌነት የምወስደው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ወደ 1,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ያለውን አንባቢ ነው። ያላችሁ 300 ከሆነ ሥራው ያጥርላችኋል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ክረምት ላይ አትጀምሩ። መጻሕፍቱ ወለል ላይ መዘርጋታቸው፣ መስኮት መከፈቱ፣ አቧራ መራገፉ የግድ ነው። በሐምሌ እርጥበት ይህን ማድረግ ሻጋታን መጋበዝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅና ብሩህ ጊዜ ምርጥ ነው።

ካርቶን አሰባስቡ። ከሁሉም የሚሻለው የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመጣበት የኤ4 ካርቶን ነው፤ ማተሚያ ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ብትጠይቋቸው ይሰጧችኋል። አምስት እሽግ ወረቀት፣ ማለትም ወደ 12.5 ኪሎ፣ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። መጽሐፍ ሲሞላም አንድ ሰው ያነሳዋል። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ መጽሐፍ አትሙሉ፤ ወይ ሥሩ ይቀደዳል ወይ ወገባችሁ ይጎዳል። ማዳበሪያ ከረጢት ደግሞ የመጻሕፍቱን ጥግ ያጣምማል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ማስክ፣ ሜትር፣ ማርከር፣ እርሳስና አንድ ደብተር ነው።

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱን ረድፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ምን የት እንደነበረ ታውቃላችሁ።

ሁሉንም አውጡና ለኩ

ከየክፍሉ፣ ከመኪና፣ ከቢሮ፣ ከወላጆቻችሁ ቤት ያለውን ጭምር ሰብስቡ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡ። ዛሬ ልቦለዱን፣ ነገ ታሪኩን እያላችሁ በዘርፍ በዘርፍ ሂዱ።

እያንዳንዱን መጽሐፍ ስታነሱ ጭምቅ አድርጋችሁ ዘግታችሁ ያዙት፤ በረንዳ ላይ ሆናችሁ አናቱን በደረቅ ብሩሽ ከጀርባው ወደ ውጭ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አይነካውም። የአዲስ አበባ የግንባታ አቧራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ብል የበላው፣ የሻገተ፣ የሚሸት ካገኛችሁ ለብቻው በፌስታል ቋጥራችሁ አስቀምጡት፤ ስለ እሱ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ሜትሩን አምጡ። የመጽሐፍ ብዛት በራሱ ብዙም አይነግራችሁም፤ ማወቅ ያለባችሁ ጎን ለጎን ሲቆሙ ስንት ሜትር እንደሚሆኑ ነው። በተለመደው መጠን የታተሙ የአማርኛ ልቦለዶችና ግለ ታሪኮች ከሆኑ በአንድ ሜትር ውስጥ ከ50 እስከ 60 ይገባሉ። ስለዚህ 1,000 መጽሐፍ ወደ 18 ሜትር ገደማ ነው። ቁመታቸውንም እዩ፤ አብዛኞቹ 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ መደርደሪያው ጋ ስንደርስ ብዙ ገንዘብ ታድንላችኋለች።

የሚቆየውና የሚሄደው

ሦስት ክምር ብቻ ይኑር፦ ይቆያል፣ ይሄዳል፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ሦስተኛው ክምር ካርቶን ውስጥ ይግባና በማርከር ቀኑ ይጻፍበት። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ካልከፈተው ይሄዳል።

ለመሸኘት የሚቀለው እነሆ። ሁለት ቅጂ ያላችሁ፣ የተቀየረ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ፣ ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ፣ አንብባችሁ ያልወደዳችሁትና ለሰው የማትመክሩት ልቦለድ። "አንድ ቀን አነበው ይሆናል" የምትሉት ደግሞ ከባድ ነው። እሱን በጥያቄ ፍቱት፦ ዛሬ ከአዟሪ እጅ ባየው እገዛው ነበር? አልገዛውም ካላችሁ ይሂድ። ያልተነበበ መጽሐፍ መኖሩ ግን ነውር አይደለም። የግል ቤተ መጻሕፍት ነገ ለምናነበውም ቦታ አለው።

በጥንቃቄ እዩ የምላቸው ደግሞ አሉ። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት በትንሽ ቅጂ አንድ ጊዜ ታትመው ይቀራሉ። አሳታሚው ራሱ ደራሲው ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው ሲያልፍ መጽሐፉም ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ሽፋኑ ስለተቀደደ ብቻ አትጣሉ። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ የወጡ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ሙሉ ዓመት የተጠረዘ ካላችሁ ለአንድ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ወመዘክርን (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። የአባታችሁ ማስታወሻ፣ የአያታችሁ የእድር መዝገብ፣ የድሮ ደብዳቤ በፍጹም ከሚሄደው ክምር አይግባ። ማተሚያ ቤት የማያውቃቸው ናቸው፤ ከጠፉ ጠፉ።

ብራና ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ነው። ይመዘገባል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ከወረቀት መጻሕፍት ጋር አትደርድሩት። በማኅደሩ ወይም በንጹሕ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ለብቻው ይቀመጥ።

የሚሄደውን የት እናድርሰው? ለትምህርት ቤት፣ ለወረዳ ቤተ መጻሕፍት፣ ለማረሚያ ቤት መስጠት ይቻላል። ግን መጀመሪያ ደውላችሁ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ማንም የማያነበውን ካርቶን ጭኖ ሄዶ በር ላይ መጣል ስጦታ አይባልም። የቆዩና ተፈላጊ የሆኑትን የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ይገዟችኋል። ለቆራሌው የሚሰጠው የመጨረሻው ተራፊ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኅዳር 12 ቀን "ኅዳር ሲታጠን" ተብሎ በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል ወረቀትና አሮጌ መጽሐፍ አብሮ ይገባል። ልማዱ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የቤቱን ወረቀት አንድ ሰው ሳያየው እሳት ውስጥ አይግባ።

በዚህ መልክ ከ1,000 ወደ 850 ከወረዳችሁ ጥሩ ነው። 15.5 ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ለአዲስ መጽሐፍ አንድ አምስተኛ ያህል ትርፍ ቦታ ስትጨምሩበት 18.6 ሜትር።

ወረቀቱን ከመጽሐፉ ለዩ

ሃንድአውት፣ የስብሰባ ወረቀት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ፣ ፎቶ ኮፒ መደርደሪያ ላይ ከመጽሐፍ ጋር መቀላቀል የለበትም። ክላሴር ግዙ፤ ጀርባው ላይ ስሙን በትልቁ ጻፉበት። የግልና የሕግ ሰነድ (የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ዲግሪ) በአንድ ክላሴር፣ ከሁሉም ተለይቶ፣ ቁልፍ ባለው ቦታ። የቀረውን በስልክ ስካን አድርጉና ዋናው የማያስፈልግ ከሆነ አስወግዱ። የፋይሉን ስም ግን ያኔውኑ አስተካክሉ። በቁጥር ብቻ የተሰየመ አምስት መቶ ፒዲኤፍ ማለት ወደ ስልክ የተዛወረ ዝብርቅ ነው።

በስቴፕል የተያያዙ ስስ መጻሕፍትና መጽሔቶች ጀርባቸው ላይ ጽሑፍ የላቸውም፤ ቢቆሙም አይታዩም፣ ይጎብጣሉ። እነሱም በክላሴር ወይም በቆመ የካርቶን ሣጥን በዘርፋቸው ይግቡ።

አደራደሩ

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የማወራው ለዚህ ነው።

ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት፣ መጻሕፍትን በጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ የሚከፍለው የዲዊ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ 892.8 ሥር ይገባል። ለቤት ግን አልመክረውም። ካላችሁ መጽሐፍ አብዛኛው የኢትዮጵያ ከሆነ፣ ግማሹ ቤታችሁ ሁለት ቁጥር ላይ ይከመራል። ለናንተ የሚጠቅመው እናንተ በምታስቡበት መንገድ የተከፈለ ነው፦ ልቦለድ፣ ግጥምና ተውኔት፣ ታሪክና ግለ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ሙያችሁ፣ መዝገበ ቃላትና ማጣቀሻ፣ የልጆች። ከስምንት ዘርፍ አትለፉ።

ልቦለዱን በደራሲ ስም ደርድሩ። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደረደርም። የውጭውን በቤተሰብ ስሙ። ሁለቱን አንድ ረድፍ ላይ ስትቀላቅሉ ይህን ካልወሰናችሁ ትሳሳታላችሁ። "ዶ/ር"፣ "ሻለቃ"፣ "አለቃ"፣ "ብላቴን ጌታ" የመሳሰሉትን ማዕረጎች ለአደራደር አትቁጠሯቸው። "ገብረ"፣ "ወልደ"፣ "ኃይለ"፣ "ተክለ" የሚሉትን ግን ከቀጣዩ ቃል ጋር አንድ ስም አድርጋችሁ ያዙ፤ ለብቻው "ገብረ" የሚባል ደራሲ የለም።

ከዚያ የፊደላችን ጉዳይ አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ አላቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አንድ ሰው አንድ መጽሐፉ ላይ "ኃይሉ"፣ ሌላው ላይ "ሐይሉ" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት በፊደል ተራ ደርድር ስትሉት "ሀይሉ" መጀመሪያ ላይ፣ "ሐይሉ" ከለ በኋላ፣ "ኃይሉ" ደግሞ ከቸ በኋላ ይወድቃል። አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ለአደራደር ብቻ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ክፈቱና እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸን ብቻ ተጠቀሙ። ዋናው ስም ግን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ይቆይ። ደራሲው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለው፤ እኛ ለመፈለጊያ ብለን ማስተካከል የለብንም።

ታሪክን በደራሲ አትደርድሩ፤ በዘመን አድርጉት። አክሱምና ዛጉዌ፣ ጎንደርና ዘመነ መሳፍንት፣ ከቴዎድሮስ እስከ ምኒልክ፣ የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933፣ የንጉሡ ዘመን፣ 1966ና ደርግ፣ ከ1983 ወዲህ። በተለይ የአብዮቱ ትውልድ ግለ ታሪኮች ብዙ ናቸው። የኢሕአፓው፣ የመኢሶኑ፣ የደርጉ ባለሥልጣን፣ የንጉሡ ሹም፣ እስረኛው፣ ወታደሩ ሁሉም ጽፈዋል። እነዚህን በወገን ሳትለዩ ጎን ለጎን አቁሟቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚመልስበት፣ አንዱ ያለፈውን ሌላው የሚናገርበት ረድፍ ይሆንላችኋል። አንድ ቀን የአንድ ሳምንት ክስተት ከአራት የተለያዩ ግለ ታሪኮች አውጥታችሁ አንብቡ፤ በዘመን መደርደር ለምን እንደሚበጅ ያኔ ይገባችኋል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ አብልጬ የምወደው ይህን ረድፍ ነው።

ትርጉም መጽሐፍ በዋናው ደራሲ ስም ይቀመጥ። አንድ ሥራ ሁለት ተርጓሚ ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ መሆናቸው ለማነጻጸር ይረዳል።

ዓመተ ምሕረቱንም አትርሱ። በአገር ቤት የታተመው በዓ.ም.፣ በውጭ የታተመው በእ.ኤ.አ. ነው። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነውና ሳትለዩ ከጻፋችሁ በዘመን የደረደራችሁት ይዛባል። ከቁጥሩ አጠገብ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

መደርደሪያውን ማሠራት

ገበያ ላይ ያለው መደርደሪያ ብዙ ጊዜ ለመጽሐፍ ተብሎ አልተሠራም። በረድፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ30 በላይ ነው። መጽሐፋችሁ ግን 21 ሳንቲ ሜትር ነው። በየረድፉ ከላይ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር አየር ትገዛላችሁ።

ስለዚህ አናጢ ጋ ሂዱና በልካችሁ አሠሩ። ልኩን ልስጣችሁ። ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀት 24፣ የእንጨቱ ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር። ከታች አንድ ረድፍ 33 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው፤ ለትልልቅ መጽሐፍና ለክላሴር። ከላዩ ሰባት ረድፍ 24 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያላቸው። የታችኛው ጣውላ ከወለል 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጠቅላላ ቁመቱ ወደ 2.25 ሜትር ይመጣል።

ደስ የሚለው፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ባለ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ሉህ ይወጣል። ሉሁን በቁመቱ አምስት ቦታ በ24 ሳንቲ ሜትር ሰንጥቁት። ሁለቱ ሰንጣቂ ጎንና ጎን ይሆናሉ። ቀሪዎቹ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ረድፍ ይሰጣሉ፤ ዘጠኝ ጣውላ ማለት ነው፣ የሚያስፈልገውም ዘጠኝ ነው። ልኩ ጠባብ ስለሆነ በእጅ መጋዝ አይሞከር፤ የመቁረጫ ማሽን ያለው ቤት ያስቆርጡት። ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር ስስ ኮምፔንሳቶ ይሁን። ጀርባ የሌለው መደርደሪያ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይዘማል።

ሂሳቡን እዩት። ስምንት ረድፍ በ80 ሳንቲ ሜትር 6.4 ሜትር ይሆናል። ሦስት እንዲህ ያለ መደርደሪያ 19.2 ሜትር ይሰጣችኋል። ከላይ 18.6 ብለን ነበር፤ በቃ። በተመሳሳይ ቁመት ስድስት ረድፍ ያለውን ከገበያ ብትገዙ ግን አራት ያስፈልጋችሁ ነበር።

እንጨቱን በተመለከተ፣ አቅም ካለ ኮምፔንሳቶ ይመረጣል። በዚህ መጠን ባሉ መጻሕፍት የተሞላ አንድ ሜትር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ወፍራም የኪነ ጥበብ ወይም የሕክምና መጻሕፍት ከሆኑ ከ35 ሊያልፍ ይችላል። ችፑድና ኤም.ዲ.ኤፍ በጊዜ ብዛት መሐሉ ይጎብጣል። በእነሱ ካሠራችሁ ስፋቱን ወደ 60 አውርዱ፤ ወይም ጀርባውን ከየረድፉ ጋር በብሎን አሳስሩት።

አናቱን ከግድግዳ ጋር ማሰር የግድ ነው። ልጅ የሚንጠላጠልበት 150 ኪሎ መደርደሪያ ቀልድ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር አይዝለትም፤ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ፣ ከተቻለም ኮንክሪቱን ምሰሶ ፈልጉ። አንዳንዱ የውስጥ ክፍልፋይ ደግሞ አግሮስቶን የሚባል ቀላል ፓነል ነው። በእጃችሁ ስታንኳኩት ይታወቃል። እሱ ላይ ከባድ ነገር አትሰሩ፤ መደርደሪያውን ወደ ሌላ ግድግዳ አዙሩት።

ከውጭ ግድግዳ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ክረምት ላይ ግድግዳው ያልበዋል። ማሰሪያው ብረት ክፍተቱን ጠብቆ እንዲይዝ ለአናጢው ንገሩት። ከወለል ከፍ ማድረጉም ለጽዳት ውሃና ለተባይ ነው። በየገዳማቱ የብራና መጻሕፍት ማኅደር ውስጥ ገብተው በጠፍራቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ የነበረውም መሬቱን ለመሸሽ ነበር። ከሽንት ቤትና ከኩሽና ግድግዳ፣ እንዲሁም ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ራቁ። በረንዳ ላይ መጽሐፍ አይቀመጥም፤ በመስታወት ቢዘጋም።

ማሠራት ካልቻላችሁና ያላችሁ ጥልቁ መደርደሪያ ከሆነ፣ ሁለት ድርድር ማድረግ ይቻላል። ከኋላው ድርድር ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ አስገቡ። የኋለኛው ከፍ ሲል ርዕሱ ከፊተኛው አናት በላይ ይታያል። ሳሎን ያለው ቡፌም ጥሩ የመጽሐፍ ቤት ነው፤ መስታወቱ አቧራ ይከላከላል። ክረምት ላይ አልፎ አልፎ ከፈት አድርጋችሁ አናፍሱት።

አድራሻና መዝገብ

መደርደሪያዎቹን ሀ፣ ለ፣ መ ብላችሁ ሰይሙ። ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ቁጠሩ። "ለ4" ማለት ሁለተኛው መደርደሪያ አራተኛ ረድፍ ነው። ምልክቱን መደርደሪያው ላይ ለጥፉ፤ መጽሐፉ ላይ ግን ተለጣፊ አታድርጉ። ሙጫው ሽፋኑን ያበላሻል። የኋላ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ መጻፍ ይበቃል።

መዝገቡ ደብተርም ሊሆን ይችላል። ጎግል ሺት ግን በስልክ ስለሚከፈት መጽሐፍ ስትገዙ ያድናችኋል። ርዕስ፣ ደራሲ፣ የአደራደር ስም፣ ዓመት፣ ዘርፍ፣ አድራሻ፣ የተዋሰው ሰው፤ ሰባት ዓምድ። ባርኮድ የሚያነቡ መተግበሪያዎች ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይሠራሉ። የኢትዮጵያ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. (ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) በ978-99944 የሚጀምር ቢሆንም፣ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ጭራሽ የላቸውም። ያላቸውም ብዙ ጊዜ መተግበሪያው ውስጥ አይገኙም። በእጅ መጻፍ ሲሰለች የጎግል ኪቦርድን የአማርኛ ድምፅ መቀበያ ሞክሩ፤ ርዕሱን ታነቡለታላችሁ፣ እሱ ይጽፋል። ከላይ የጠቀስኳቸውን ሞክሼ ፊደላት ግን እንደ መጣለት ስለሚያደርግ እያያችሁ አርሙ። በቀን አንድ ረድፍ ከመዘገባችሁ ሦስቱ መደርደሪያ ከአንድ ወር በፊት ያልቃል።

የማንበቢያው ጥግ

ለማንበቢያ ሙሉ ክፍል አያስፈልግም። 1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ፣ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ በቂ ነው። መስኮት ጎን አድርጉት፤ ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ። የእጃችሁ ጥላ ጽሑፉ ላይ አያርፍም። ፊታችሁን በቀጥታ ወደ መስኮት ካዞራችሁ ኮምፒውተር ስትጠቀሙ ዓይናችሁ ይደክማል። ከገንዘባችሁ ትልቁን ድርሻ ወንበሩ ላይ አውሉት።

ጠረጴዛው ላይ የሚኖረው አሁን የምታነቡትና የምትሠሩበት ብቻ ነው። አጠገቡ አንድ ትንሽ ረድፍ ትኑር፤ መዝገበ ቃላቱና በዚህ ወር የምትጠቀሙባቸው አሥር አሥራ አምስት መጻሕፍት ይቀመጡባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ያለቀው ወደ አድራሻው ይመለስ። መብራት ለሚጠፋበት ቻርጅ የሚደረግ መብራት ቋሚ ቦታ ይኑረው። የኤክስቴንሽኑን ገመድ በጠረጴዛው እግር አሳልፋችሁ እሰሩ። ቡና ስኒው ከመጽሐፉ በታች ባለ ኮመዲኖ ላይ ይቀመጥ፤ ቢደፋ መጽሐፉ ላይ አይደርስም።

ብል፣ ሻጋታና የተዋሰ መጽሐፍ

ቅድም በፌስታል የቋጠራችኋቸው አሁን ይከፈቱ። የሻገተውን ፀሐይ ላይ አታስጡ። ወረቀቱ ይደርቅና ይሰባበራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ገጹን ከፈት አድርጋችሁ አቁሙት። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ በብሩሽ አራግፉት።

ብል ወይም ነቀዝ ያለበትን በሁለት ፌስታል አየሩን አስወጥታችሁ አጥብቃችሁ ቋጥሩና ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሁለት ሳምንት አቆዩት። መብራት በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ጊዜውን አራዝሙ፤ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ተባዩ ሊተርፍ ይችላል። ስታወጡት ፌስታሉን ሳትፈቱ አንድ ቀን ሙሉ አቆዩት፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ብራናና ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ አይታከምም። ናፍታሊን አልመክርም፤ ልጆችና የመተንፈሻ ችግር ያለበት ሰው ባለበት ቤት ትነቱ ጎጂ ነው። የረገፈ ገጽ ደግሞ በፕላስተር አይለጠፍም። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። በወረቀት ጠቅልላችሁ በክር እሰሩትና ጠራዥ ጋ ውሰዱት።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁሉም ረድፍ ወርዶ ይራገፍ። መጽሐፍ ስታወጡ ከአናቱ ጫፍ አትጎትቱ። ግራና ቀኝ ያሉትን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ወገቡን ይዛችሁ አውጡት።

ማዋስን በተመለከተ፣ "መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ የባሰ ሞኝ" ሲባል እንሰማለን። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። መጽሐፍ አውሱ። ግን መዝገቡ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፉ፤ ተዋሹ መጽሐፉን ይዞ ፎቶ ብታነሱትም አይከፋውም። ከሁለት ወር በኋላ "ጨረስከው? እንዴት አገኘኸው?" ብላችሁ ደውሉ። ስለ መጽሐፉ ትጫወታላችሁ፣ መመለሱም ይታወሰዋል። እንደገና የማይገኘውን፣ ፊርማ ያለበትንና የቤተሰብ የሆነውን ግን ከቤት አታስወጡ፤ ማንበብ የፈለገ ሰው መጥቶ ከናንተ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያንብብ። የተዋሰው መጽሐፍ ቦታ ላይ ደግሞ የተዋሹ ስም ያለበት ወረቀት ይቁም፤ ሌላ መጽሐፍ ቦታውን አይወስድበትም። የተውነው ትርፍ ቦታ አልቆ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ መጋደም ሲጀምር፣ አራተኛ መደርደሪያ ከማዘዛችሁ በፊት ቀን የተጻፈበትን ካርቶን አውጥታችሁ እዩት።